ልጆቻችን ዜማውን ያውቁታል፤ ድምፁንስ?

ወልቂጤ ውስጥ ጠዋት ጠዋት በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አጥር ጥግ የሚያልፍ ሰው ጆሮውን ሳይሰጥ አያልፍም። ክፍል ሙሉ ሕፃን በአንድ አፍ «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ» ይላል። የመጨረሻዋን «ሎ» ጎተት ያደርጓታል፤ ትንፋሽ ይወሰድና ወደሚቀጥለው ቤት ይታለፋል። ቡታጅራም ያው ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ ይህን ዜማ በሰማ ቁጥር ልጅነቱ ትዝ ይለዋል፤ እኔም ቆሜ ሳዳምጥ ደስ ይለኛል።

ደስታው የሚቀንሰው ከእነዚያ ልጆች አንዱን ለብቻው ጠርቶ ከገበታው መሀል «ሎ»ን በጣት ሲያሳዩት ነው። ልጁ ዝም ይላል። ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል፤ ከ«ለ» ተነሥቶ በሹክሹክታ እየቆጠረ ነው። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ፊቱ ይፈካና «ሎ!» ይላል። ጎሽ ተብሎ ጣቱ ወደ «ሞ» ሲዛወርለት እንደገና ከ«መ» ይጀምራል። «ሎ»ን ካወቀ በኋላ «ሞ»ን ለማወቅ ሰባት እርምጃ ሁሉ ሊያስፈልገው አይገባም ነበር። አንድ ጊዜ ያገኛት የ«ኦ» ድምፅ ሁለቱም ውስጥ እንዳለች የነገረው ሰው ስለሌለ ነው የሚደክመው።

የዛሬው ትዝብቴ በዚህች ነገር ላይ ነው። ልጆቻችን ፊደልን በዜማ ይይዙታል፤ በዜማው ውስጥ ያሉትን ሰባት አናባቢ ድምፆች ግን ለይተው አይሰሟቸውም። ማንም ለብቻቸው አላስተዋወቃቸውምና።

ነገሩ የሁለት ከተሞች ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሰው ማለት ነው። ያ ውጤት ብዙ ሰው አስደንግጦ ነበር። ከእሱም በኋላ በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ድጋፍ በ7 ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጁ፤ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና ሀዲይኛ ናቸው። ጉራግኛ ከሰባቱ አንዱ አልነበረም። ስለዚህ የወልቂጤና የአካባቢዋ ልጅ ንባብን የተዋወቀው በአማርኛ ነው። ቤቱ ውስጥ ቸሃኛ፣ እዣኛ፣ እነሞርኛ ወይም ሌላ የሚናገር ልጅ ደግሞ ፊደሉንም ቋንቋውንም በአንድ ጊዜ እንዲሸከም ተደርጓል።

የፊደላችንን አሠራር ላፍታ እንመልከተው። 33 ቤቶች አሉ ብንል፣ በእያንዳንዱ ቤት ሰባት ሰባት ቅርጽ አለ፤ ድምሩ 231 ነው። በቃል ብቻ የሚማር ልጅ 231 ቅርጾችን አንድ በአንድ መሸምደድ አለበት። የአናባቢውን ምሥጢር የያዘ ልጅ ግን 33 ተናባቢና 7 አናባቢ፣ በድምሩ 40 ነገር ነው የሚማረው። ሌላው የሚገኘው እነዚህን በማጋባት ነው። ቅርጹም ቢሆን ይረዳዋል። «ሉ፣ ቡ፣ ሱ» ሁሉም በቀኝ ወገባቸው ላይ አንድ ጭረት አላቸው። «ሊ፣ ቢ፣ ሲ» ያችኑ ጭረት ወደ ቀኝ እግራቸው ያወርዷታል። «ላ፣ ባ፣ ሳ» የግራ እግራቸውን ያሳጥራሉ። «ሌ፣ ቤ፣ ሴ» በቀኝ እግራቸው ቀለበት ያስራሉ። ከመስመሩ የሚወጡ አሉ፤ «ሩ»ና «ፉ» ጭረታቸውን ወገብ ላይ ሳይሆን እታች ነው የሚያደርጉት፣ ሳድስና ሳብዕም እንደየቤቱ ይለያያሉ። ቢሆንም አብዛኛው ሕግ አለው። ልጅ ደግሞ ሕግ ማግኘት ይወዳል፤ በተለይ ራሱ ፈልጎ ካገኘው። «ሉ፣ ቡ፣ ሱ»ን ሰሌዳ ላይ ጽፎ «ምናቸው ይመሳሰላል?» ብሎ ዝም ማለት ብቻ ይበቃል። ከኋላ ወንበር አንዱ ይጮኻል፦ «ጎናቸው ላይ እንጨት አለ!» ያ ልጅ «ኩ»ን ገና ሳይማረው ያነበዋል።

እዚህ ላይ ለብዙ ዘመን ሳንመረምር የያዝነው አንድ ልማድ አለ። ትምህርቱ ሁልጊዜ ከ«ሀ» ይጀምራል። ክብር ያለው አጀማመር ነው፤ «ሀ ሁ» የዕውቀት ሁሉ መነሻ ስም ሆኗል። ለአናባቢ ማስተዋወቂያ ግን ከ«ሀ» የባሰ ቤት የለም። በአማርኛ «ሀ»ና «ሃ» በንባብ አንድ ናቸው፤ ግዕዙ የራብዑን ድምፅ ወስዷል። «አ»ም እንደዚሁ ነው። እንግዲህ ልጁ በትምህርቱ የመጀመሪያ ቀን የሚሰማው ስድስት ድምፅ ነው፤ የሚያየው ደግሞ ሰባት ቅርጽ። የግዕዙ ድምፅ፣ ማለትም «ለ»፣ «መ»፣ «በ» ላይ የምንሰማው «ኧ»፣ ገና በመጀመሪያው ቤት ጠፍቶበታል። ከ«ለ» ወይም ከ«መ» ወይም ከ«በ» ቢጀመር ግን ሰባቱም ጥርት ብለው ይሰማሉ፤ «ሀ»፣ «ሐ»፣ «ኀ»፣ «አ»ና «ዐ» በኋላ፣ ልጁ ሕጉን ከያዘ በኋላ፣ ልዩ ጠባያቸው እየተነገረው ቢመጡ አይከብዱትም። የገበታውን ቅደም ተከተል ይቀየር አላልኩም። ገበታው እንዳለ ግድግዳው ላይ ይሰቀል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ግን የግድ ከገበታው ጫፍ አይጀምር ነው የምለው።

ታዲያ ድምፆቹን ራሳቸውን እንዴት እናስተዋውቅ? ከሁሉ በፊት ደብተርም ጠመኔም ሳይነካ። መሣሪያው የልጁ አፍ ነው። ልጆቹ መዳፋቸውን አገጫቸው ሥር ያድርጉና «ኢ» ይበሉ፣ ቀጥለው «ኤ»። አገጭ ወረድ ይላል። «ኡ» ይበሉ፣ ቀጥለው «ኦ»፤ እንደገና ወረድ ይላል። ከዚያ «እ»፣ «ኧ»፣ «ኣ» ይበሉ፤ አፍ ደረጃ በደረጃ ሲከፈት መዳፋቸው ላይ ይታወቃቸዋል። በ«ኢ»ና በ«ኤ» ከንፈር ወደ ጎን ይለጠጣል፣ ሰው ሲስቅ እንደሚሆነው። በ«ኡ»ና በ«ኦ» ይሞጠሞጣል። በቀሩት ሦስቱ ከንፈር ሥራ የለውም። ሰባቱ ድምፆች ሦስት ቤተሰብ ሆኑ ማለት ነው፤ ሳቂታዎቹ ሁለት፣ ሞጥማጦቹ ሁለት፣ መሀል የሚቀመጡት ሦስት። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ የሚሄደው ቅደም ተከተል እነዚህን ዘመዳሞች ስለሚበታትናቸው ነው ልጁ ግንኙነታቸውን የማያየው። ትንሽ መስታወት ያለው መምህር ልጆቹን በየተራ ፊታቸውን ያሳያቸው፤ የሌለው ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያቁማቸው፣ አንዱ ያለ ድምፅ አፉን ይሥራ፣ ሌላው የትኛው አናባቢ እንደሆነ ይገምት። ልጅ ይህን ጨዋታ አይጠግብም። ደግሞም ይህ ሁሉ በ«ኦ» ክፍል፣ ማለትም ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በተከፈተው የስድስት ዓመት ልጆች ክፍል፣ እርሳስ በትክክል መያዝ ለማይችል ልጅ እንኳ የሚሆን ነው።

የጉራጌ ልጅ ለዚህ ትምህርት ከሌላው የተሻለ ዝግጁ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያትም አለኝ። በቸሃ አነጋገር አንድ ሰው ወንድ መመታቱን ለመናገር ከግሡ ድምፅ አንዱን በከንፈር ማሞጥሞጥ ይበቃል፤ ለሴት ትእዛዝ ሲሰጥ ደግሞ ምላስ ወደ ላንቃ ይጠጋል። የቋንቋ ምሁራን በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ስለዚህ ጉዳይ ለአሠርት ዓመታት ጽፈዋል። የአራት ዓመት ልጅ ግን እናቱ ጭን ላይ ሆኖ ያለ መምህር ተምሮታል። ከንፈር መሞጥሞጡ ትርጉም እንደሚለውጥ ያውቃል ማለት ነው። እነሞርኛ የሚናገር ልጅ በአፍንጫ የሚወጡ አናባቢዎች አሉት፤ አማርኛ የሌላት ሀብት ናት። በቡታጅራ ገበያ የሚሰማው ስልጥኛ ደግሞ አናባቢን በማሳጠርና በማስረዘም ብቻ ቃል ከቃል ይለያል። ቡታጅራ መስቃንኛ፣ ክስታንኛ፣ ዶቢኛ፣ ማረቆኛ፣ ስልጥኛና አማርኛ የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው እየተላከ ያደገ ልጅ ጆሮው ከምናስበው በላይ የሠለጠነ ነው። ክፍል ሲገባ ይህን ሁሉ ደጅ እንዲያስቀምጥ እናደርገዋለን። መምህሩ «በናንተ ቤት ይህን ድምፅ የያዘ ምን ቃል አለ?» ብሎ ቢጠይቅ እኮ ግማሹ ትምህርት ከልጆቹ አፍ በመጣ ነበር።

ጉራግኛ ሊጻፍ አይችልም የሚል ሰው ዛሬም አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ይህ ስሕተት ነው። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ስለ አንድ የጉራጌ መንደር ሕይወት የሚተርክ መጽሐፉን መጀመሪያ የጻፈው በቸሃኛ፣ በግዕዝ ፊደል ነው። የቋንቋ ምሁሩ ዎልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ1964 እ.ኤ.አ. ታተመ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት መለያ የሆነው ዩኒኮድ ለጉራግኛ ድምፆች የሚያስፈልጉ 28 ተጨማሪ ቅርጾችን ተቀብሏል። አሁን የሚቀረው ሥራ ለሕፃን የሚሆን ነው፦ ባለ ሥዕል፣ ባለ ጥቂት ቃል፣ ልጁ ቤቱ ውስጥ የሚሰማውን ድምፅ የያዘ ቀጭን መጽሐፍ። በቋንቋው አናባቢውን ለይቶ የሰማ ልጅ አማርኛው ላይ ሲመጣ ሰባቱን እንደ አዲስ አይማራቸውም።

አባቶቻችን ይህን ችግር አያውቁትም ነበር ማለት አይቻልም። የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ልጅ «ሀ ሁ»ን እንደጨረሰ ወደ ዳዊት አይዘልም፤ አቡጊዳ ይጠብቀዋል። «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ።» በዚህ ገበታ ተናባቢው በእያንዳንዱ እርምጃ ይለወጣል፣ አናባቢው ግን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ተራውን ጠብቆ ይሄዳል። የሚቀጥለው መስመር «በ፣ ጉ፣ ዲ፣ ሃ፣ ዌ፣ ዝ፣ ሖ» ነው። ሀሁን በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል፤ ዜማው ፊደሉን አይነግረውምና ቅርጹን አይቶ ድምፁን ማውጣት ግድ ይሆንበታል። ይህን ያሰበ ሊቅ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ የማስተማር ጥበቡ ግን የሚያስደንቅ ነው። ፒተር ዳንኤልስ የተባለው የጽሕፈት ሥርዓቶች አጥኚ በ1990 እ.ኤ.አ. እንደኛ ያሉትን ፊደላት በሙሉ፣ የሕንዶቹንም ጨምሮ፣ «አቡጊዳ» ብሎ ሲሰይም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ከየኔታ ገበታ ነው። የተስፋ ገብረ ሥላሴ ማተሚያ ቤት ለትውልድ ያዳረሰው የፊደል ወረቀትም ሀሁን ከአቡጊዳ ጋር ይዞ ነበር የሚወጣው። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ሀሁ ገብቶ አቡጊዳ ውጭ ቀረ። ለምን እንደቀረ አጥጋቢ ምክንያት ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም፤ የሃይማኖት ጉዳይ እንዳይደለ ግልጽ ነው፣ ገበታው የድምፅ ልምምድ ነውና።

በቡታጅራና በዙሪያዋ ብዙ ልጆች ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ወይም ጎን ለጎን ቁርኣን ይቀራሉ። እነሱ ሉህ ላይ ፈትሓ፣ ከስራና ደማን ተምረዋል። አንዱ ፊደል ከላይ ጭረት ሲሆንበት «በ»፣ ከታች ሲሆንበት «ቢ»፣ ከላይ ጥምዝ ሲሆንበት «ቡ» እንደሚል ያውቃሉ፤ በዓረብኛው አነጋገር ማለቴ ነው። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ሱኩን ነው፤ ፊደሉ አናባቢ እንደሌለው የምታሳይ ትንሽ ክብ ምልክት። በአማርኛ ንባብ ልጆችን ከሁሉ የሚያስቸግራቸው ሳድስ ነው። «ልጅ» ስንል የ«ል» ድምፅ «እ» አለው፤ «ወልቂጤ» ስንል ያው «ል» አናባቢ የለውም። ገበታው ይህን አይለይም፤ ልጁም «ወ-ል-ቂ-ጤ» እያለ እያንዳንዷን ሲረግጥ ቃሉ ይጠፋበታል። ሱኩን የሚያውቅ ልጅ ባለበት ክፍል መምህሯ «እዚህ ላይ ሱኩን አለው» ካለች አበቃ፤ የአንድ ዓመት ማብራሪያ ነው የሚቆጠብላት። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጅ ከየቤተ እምነቱ ያመጣው የድምፅ ዕውቀት አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። መምህራን ይህን ያወቁት ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን በይፋ እንዲጠቀሙበት ያበረታታቸው የለም።

አሁን ወደ ከተማዋ ልውጣ። የወልቂጤን ስም እንጻፍ። «ወ» ግዕዝ፣ «ል» ሳድስ፣ «ቂ» ሣልስ፣ «ጤ» ኃምስ። ቡታጅራን እንጨምር። «ቡ» ካዕብ፣ «ታ» ራብዕ፣ «ጅ» ሳድስ፣ «ራ» ራብዕ። ሁለቱ ከተሞች ተደምረው ከሰባቱ አናባቢዎች ስድስቱን ይዘዋል፤ የቀረው ሳብዕ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ «ቆጮ» ሁለት ጊዜ ይሰጠናል። አንድ ልጅ የከተማውን ስም ከአውቶቡስ ታፔላ ላይ፣ ከጤና ጣቢያው ሰሌዳ ላይ፣ ከባጃጁ ጀርባ ላይ በየቀኑ ያያል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ጤ»ን ከየት ከየት አየህ ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከ«ወልቂጤ» እና ከ«ጤና» መሀል ያለውን ዝምድና ራሱ ያገኘዋል። ማዕዱም አናባቢ የሞላበት ነው፦ ቡላ፣ አይቤ፣ ክትፎ፣ ሚጥሚጣ። የማረቆ በርበሬ የሚለቀምበት አገር ልጅ «በርበሬ» ውስጥ «በ»ና «ሬ» ምን እንደሚለያቸው ለመስማት ከሩቅ አገር የመጣ ሥዕል አያስፈልገውም።

ጨዋታውም አለ። ድብብቆሽ የተጫወተ ልጅ ሁሉ «ኩኩሉ!» ብሏል፤ ሦስቱም ካዕብ ናቸው። መምህሩ ተማሪዎቹን ሜዳ አውጥቶ ትንሽ ካጫወታቸው በኋላ «ኩኩሉ ስትሉ አፋችሁ እንዴት ሆነ?» ቢላቸው የ«ኡ» ትምህርት ተጀመረ ማለት ነው። ከዚያ «ኪኪሊ» ቢባል፣ «ኮኮሎ» ቢባል ልጆቹ በሳቅ ይፈነዳሉ፤ በሳቁ መሀል ግን አናባቢን ነቅሎ ሌላ መትከልን እየተለማመዱ ነው። ይህ ለንባብ ከሁሉ የሚፈለገው ችሎታ ነው። በገጠሩ ደግሞ ጀፎረ አለ፤ በጉራጌ ቤቶች መሀል የሚዘረጋው ያ ሰፊ የሣር መንገድ ከማንኛውም መማሪያ ክፍል ይሰፋል። ሰባት ልጆች ሰባቱን አናባቢ ሆነው በመስመር ይቁሙ፤ ስምንተኛው «ም» የሚል ድምፅ ይዞ ከፊታቸው ይለፍ፤ እያንዳንዱ ጋ ሲደርስ እጁን ሲጨብጥ ሁለቱ ድምፆች ተጋብተው «ሙ»፣ «ሚ»፣ «ማ» ይወጣሉ። ቀጥሎ «ብ» የያዘ ልጅ ይምጣ። አናባቢዎቹ ከቦታቸው አይነቃነቁም፤ ተናባቢዎቹ ናቸው የሚመላለሱት። ልጆቹ በዓይናቸው የሚያዩት ይህንኑ ነው፤ ገበታው በ231 ሳጥን የደበቀውን።

በሁለቱም ከተሞች እየበዙ የመጡትን የግል መዋዕለ ሕፃናት በዚህ አጋጣሚ ሳላነሣ አላልፍም። ወላጅ ገንዘቡን የሚከፍለው ልጁ እንግሊዝኛ እንዲያውቅ ነውና ግድግዳው ላይ «ኤ ፎር አፕል» ተሰቅሏል። እንግሊዝኛ ይማሩ፤ ክፋት የለውም። ግን በእንግሊዝኛ «ኤ» የምትባለው ፊደል አንዳንዴ «ኣ»፣ አንዳንዴ «ኤይ»፣ አንዳንዴ ሌላ ትሆናለች። የራሱን ሰባት ድምፆች ገና ያልለየ ሕፃን በዚህ ሲጀመርለት ፊደልና ድምፅ ዝምድና የላቸውም ብሎ ይደመድማል። የእኛ ፊደል ለጀማሪ አንባቢ ከእንግሊዝኛው በብዙ እጥፍ የታመነ ነው፤ ጥቂት ልዩ ጠባዮች ቢኖሩትም የተጻፈው ይነበባል። ይህን መታመን ልጁ በመጀመሪያ ይቅመሰው።

መምህራንን ለመውቀስ አልተነሣሁም። አንድ የአንደኛ ክፍል መምህርት ብዛቱ የማይቻል ክፍል ይዛ፣ ሦስት አራት ልጅ በተቀመጠበት ወንበር መሀል እየተንከላወሰች፣ ሁሉን በአንድ ላይ ለመያዝ ያላት ቀላሉ መንገድ የጋራ ንባብ ነው። ሁሉም ሲጮኹ ሁሉም ያወቁ ይመስላል። ሱፐርቫይዘርም ሲመጣ የሚሰማው ያንኑ ነው፤ ዜማው ካልተደናቀፈ ክፍሉ ጥሩ ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ መስተካከል ያለበት መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። የሚጎበኘው ባለሙያ የተደባለቀ የፊደል ወረቀት ይዞ ቢመጣ፣ አምስት ልጆችን ለየብቻ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በሚቀጥለው ወር መምህርቷም የምታስተምረው እንደዚያው ይሆናል። ከሆሳዕናና ከሌሎች የመምህራን ኮሌጆች የሚወጡ ወጣቶችም አናባቢን በአፍ፣ በጆሮና በጨዋታ የማስተማር ልምምድ አድርገው ቢወጡ፣ ክፍል ውስጥ የሚያገኙትን ልማድ ብቻ አይወርሱም።

ትዕግሥትም ያስፈልጋል። በደቡብ ሕንድ ካናዳ የሚባለው ቋንቋ እንደኛው ተናባቢና አናባቢን በአንድ ቅርጽ የሚያጣብቅ ጽሕፈት አለው። ሶናሊ ናግ የተባለች ተመራማሪ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ የዚያ አገር ልጆች ቅርጾቹን ለመጨረስ ከእንግሊዝኛ ጀማሪ አንባቢ ይልቅ ረጅም ዓመታት እንደሚወስድባቸውና በቅርጹ ውስጥ ያለውን ነጠላ ድምፅ መለየትም ቀስ ብሎ እንደሚመጣ አሳይታለች። የእኛም ልጅ በአንድ መንፈቅ 231ዱን ጨርሷል ሲባል መጠራጠር አለብን። የጨረሰው ዜማውን ሊሆን ይችላል።

ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ አሁን የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ማዕከል ሆነው ሁለቱም በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ አሉ። ሁለት የትምህርት መምሪያ አለ ማለት ነው፤ ወልቂጤ ላይ ዩኒቨርሲቲም አለ። የጉራጌ ሕዝብ መንገዱንና ትምህርት ቤቱን በራሱ መዋጮ የመሥራት ልምድ ያለው ሕዝብ ነው፤ እኔ የምጠይቀው ነገር ግን የሚሊዮን ብር መዋጮ አይፈልግም። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በአንድ በኩል ሰባቱ አናባቢዎች በሦስት ቤተሰብ ተከፍለው ከአፍ ሥዕል ጋር፣ በሌላ በኩል ፊደላት ያለ ቅደም ተከተል ተደባልቀው። ዩኒቨርሲቲው ያዘጋጀው፣ መምሪያዎቹ ያባዙት፣ የጉራግኛውን ተጨማሪ ድምፆች የሚያውቁ ሰዎች ደግሞ በየአካባቢው አነጋገር ይጨምሩበት። ለመስቀል ወደ ወልቂጤ ገጠሮች፣ ለአረፋ ወደ ቡታጅራ ዙሪያ የሚገባው የአዲስ አበባ ነጋዴ ለልጆች ልብስና ከረሜላ ይዞ መሄዱ የቆየ ደስ የሚል ልማድ ነው። መርካቶ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ ያችን አንድ ገጽ በመቶ ቢያስባዛ ለመንደሩ ልጆች ሁሉ ትደርሳለች። ቤት ሲገባም የወንድሙን ልጅ «ፊደል ቆጥረሃል?» ብሎ ዜማውን ከማስባል ይልቅ ወረቀቱን ዘርግቶ መሀሉ ላይ ጣቱን ያሳርፍ፤ ልጁ ከቤቱ ራስ መቁጠር ከጀመረም ቁጣ አያስፈልግም፤ አጎቱ «ሎ» ብሎ አፉን ያሳየው፣ ቀጥሎ «ሞ»ን፣ ቀጥሎ «ቆ»ን፣ ከዚያም ማዕዱ ላይ የቀረበውን ቆጮ ስሙን እንዲጽፍለት ይጠይቀው።